ስንት ትሸጣላችሁ? የማምረቻ ዘዴን በሽያጭ ብዛት ልክ መምረጥ

ሦስት መቶ ፍሬ ለሚሸጥ እቃ የፕላስቲክ ሞልድ (የቀለጠ ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት) ማሠራት ካፒታልን ብረት ውስጥ መቅበር ነው። አራት ሺህ ፍሬ የሚሸጥ እቃን ደግሞ አንድ በአንድ በስሪዲ ፕሪንተር ማውጣት ትርፉን በየቀኑ ቆርሶ መስጠት ነው። በሁለቱም በኩል ንድፉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የሳተው የብዛቱና የዘዴው ግጥምጥሞሽ ነው። ይህን ግጥምጥሞሽ በወረቀት ላይ በአንድ ከሰዓት መፈተሽ ይቻላል።

ነገሩን ለመጨበጥ አንድ እቃ እንያዝ፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሶላር ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ማለትም ከሶላር ፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር መሣሪያ። የምናሠራው ውጫዊ ቤቱን ነው። ስፋቱ 150 በ100 በ50 ሚሜ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ሁለት ግማሽ ሆኖ በአራት ብሎን ይገጠማል። በፕላስቲክ ቢሠራና ግድግዳው 2 ሚሜ ቢሆን፣ የብሎን መቀበያዎቹንና ማጠናከሪያዎቹን ጨምሮ ወደ 120 ግራም ይመዝናል። ከዚህ በታች የሚመጡት የብር መጠኖች ለስሌቱ ማሳያ የተቀመጡ ናቸው። በእጃችሁ ባለው ፕሮፎርማ ቀይሯቸው፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ

«አገሪቱ ውስጥ ይህን ያህል ሚሊዮን ቤተሰብ አለ፣ አንድ በመቶው እንኳ ቢገዛን» የሚለው ሂሳብ ለባለሀብት ማሳመኛ ይሁን እንጂ ለሞልድ ውሳኔ አይሆንም። የሚያስፈልገው ቁጥር ጠበብ ያለ ነው፦ ንድፉ ሳይለወጥ፣ በሚቀጥሉት 12 ወራት ውስጥ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ የሚወጣው ስንት ፍሬ ነው?

«ንድፉ ሳይለወጥ» የሚለውን ብዙዎች ይዘሉታል። የመጀመሪያ ዓመቱን የያዘ እቃ መለወጡ አይቀርም። ደንበኛ ኬብሉ ከላይ ሳይሆን ከታች ይግባልን ይላል፤ ከውጭ የሚመጣው ማገናኛ ከገበያ ይጠፋና በሌላ መጠን ይተካል፤ ቦርዱ ይሞቅና የአየር መውጫው መስፋት ይኖርበታል። የኬብል መግቢያው 5 ሚሜ ብቻ ቢንቀሳቀስ በሌዘር ለሚቆረጥ ላሜራ የአሥር ደቂቃ የፋይል ሥራ ነው። ለሞልድ ግን ብየዳ፣ እንደገና መቁረጥና የሳምንታት መጓተት ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ 2,000 እሸጣለሁ ብላችሁ ንድፉን በስድስተኛው ወር እንደምትቀይሩት ካወቃችሁ፣ ለስሌቱ የሚገባው ቁጥር 2,000 ሳይሆን እስከ ስድስተኛው ወር የሚወጣው ነው።

ቁጥሩን የምትሰበስቡበት ማስረጃም እኩል አይመዝንም። ቀብድ የተከፈለበት ትዕዛዝ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። የጅምላ ነጋዴ ብዛትና ቀን ጽፎ የፈረመበት ትዕዛዝ ግማሹን ያህል ቢያዝ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ «ሲሸጥ ትከፍሉናላችሁ» ተብሎ የተቀመጠ እቃ ሱቁ ሁለተኛ ጊዜ እስኪያዝ ድረስ እንደተሸጠ አይቆጠርም። ሁለተኛው ትዕዛዝ ከማንኛውም የገበያ ጥናት በላይ እውነቱን ይናገራል። «በጣም አሪፍ ነው፣ ሲወጣ እንገዛለን» የሚለው ደግሞ በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ዜሮ ነው።

ከዚያ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሦስት ጻፉ፦ ነገሩ ባይሳካ፣ እንደታሰበው ቢሄድ፣ ከታሰበው በላይ ቢሄድ። ለኮንትሮለሩ 300፣ 1,200 እና 4,000 እንበል።

ስሌቱ

ማንኛውም የማምረቻ ዘዴ ሁለት ዓይነት ወጪ አለው። አንዱ ፍሬ ከመውጣቱ በፊት የሚወጣ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፦ ሞልድ፣ መያዣ፣ ሙከራ፣ ንድፍ ማስተካከል። ሌላው በየፍሬው የሚደገም የነጠላ ወጪ ነው፦ ጥሬ እቃ፣ የማሽን ሰዓት፣ የሰው ጉልበት፣ ማጽዳትና መቀባት። ለምሳሌያችን፦

በስሪዲ ፕሪንተር፦ የአንድ ጊዜ 5,000 ብር፣ ነጠላው 900 ብር።
በላሜራ፣ በሌዘር ተቆርጦና ታጥፎ፦ የአንድ ጊዜ 30,000 ብር፣ ነጠላው 420 ብር።
በአሉሚኒየም ሞልድ በኢንጀክሽን (የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ወደ ሞልዱ ገብቶ)፦ የአንድ ጊዜ 900,000 ብር፣ ነጠላው 90 ብር።

ከአንዱ ዘዴ ወደሌላው መሻገር የሚያዋጣበትን ብዛት ለማግኘት የአንድ ጊዜ ወጪዎቹን ልዩነት ለነጠላ ወጪዎቹ ልዩነት ማካፈል ነው። ከፕሪንተር ወደ ላሜራ፦ 25,000 ለ480 ሲካፈል 52 ፍሬ። ከላሜራ ወደ ሞልድ፦ 870,000 ለ330 ሲካፈል 2,636 ፍሬ።

አሁን ሦስቱን የሽያጭ ቁጥሮች አስገቡ። 300 ቢሸጥ፣ በላሜራ ጠቅላላው 156,000 ብር ነው፤ በሞልድ 927,000። አንዱ ቤት በላሜራ 520 ብር ሲፈጅ በሞልድ ከ3,000 ብር በላይ ይሆናል። 1,200 ቢሸጥ፣ ላሜራው 534,000፣ ሞልዱ 1,008,000። 4,000 ቢሸጥ ነገሩ ይገለበጣል፦ ላሜራው 1,710,000፣ ሞልዱ 1,260,000።

እዚህ ላይ መታየት ያለበት የስህተቱ ክብደት ነው። ሞልድ አሠርታችሁ ሽያጩ 300 ላይ ከቆመ የተሳሳተው ምርጫ 771,000 ብር ያስከፍላችኋል፤ ያውም ሽያጭ በሌለበት። ላሜራ መርጣችሁ ሽያጩ 4,000 ከደረሰ ትርፍ የከፈላችሁት 450,000 ነው፤ ያውም 4,000 ደንበኛ ገንዘቡን ከፍሎ። ሁለተኛውን ስህተት ደግሞ በመሀል ማረም ይቻላል። ስለዚህ በጥርጣሬ ውስጥ ስትሆኑ የአንድ ጊዜ ወጪው ዝቅ ወዳለው ዘዴ ማድላት ፈሪነት አይደለም፤ ቁጥሩ ራሱ የሚለው ነው።

በመሀል ለማረም ስትፈልጉ ስሌቱ ትንሽ ይለያል። የላሜራው 30,000 ብር አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ከሂሳቡ ይወጣል። የሚቀረው ጥያቄ ወደፊት የሚሸጠው ፍሬ ብዛት ከ900,000 ለ330፣ ማለትም ከ2,727 ይበልጣል ወይ የሚለው ነው። እስካሁን የተሸጠው 200 ይሁን 5,000 ለውጥ የለውም። «ብዙ ሸጠናልና አሁን ሞልድ ይገባናል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ያሳስታል፦ 5,000 ሸጣችሁ ንድፉ በሚቀጥለው ዓመት የሚተካና 1,000 ብቻ የሚቀር ከሆነ ሞልዱ አሁንም አያዋጣም።

ስሌቱን የሚያዛቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ብልሽት ነው። ከ10 ህትመት አንዱ የሚበላሽ ከሆነ እውነተኛው የነጠላ ወጪ 900 ሳይሆን 900 ለ0.9፣ 1,000 ብር ነው። ሁለተኛው ምንዛሪ ነው። ሞልዱ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ወጪው በዶላር ነው፤ ሽያጩ ግን በብር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ በስድስት ወር ልዩነት የተሠሩ ሁለት ስሌቶች አይገጥሙም። የውጭ ወጪውን በዶላር ጻፉና ክፍያው በሚፈጸምበት ሳምንት ተመን እንደገና አስሉት። የማጓጓዣ፣ የመድን፣ የቀረጥና የባንክ ወጪውን ያላካተተ የፕሮፎርማ ዋጋ የሞልዱ ዋጋ አይደለም።

ከአንድ እስከ ሃምሳ

ለመጀመሪያዎቹ አሥር፣ ሃያ ፍሬዎች ቤት ማምረት ላያስፈልግ ይችላል። የኤሌክትሪክ እቃ መሸጫዎች የሚሸጡትን ዝግጁ የፕላስቲክ ሳጥን ገዝቶ፣ ቀዳዳዎቹን ከ3 ሚሜ ላሜራ በተቆረጠ መምሪያ (የቀዳዳዎቹ ቦታ አስቀድሞ በተበሳበት ገበታ) እየመሩ መብሳት ከሁሉም ርካሹ ነው። መምሪያው ባይኖር የስድስተኛው ሳጥን ቀዳዳ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም፤ ቦርዱም በግድ እየተገፋ ይገባል።

የራሳችሁ ቅርጽ ካስፈለገ ፕሪንተር ነው። 120 ግራም የሚመዝን ቤት በ0.2 ሚሜ ንብርብር ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይወስዳል። አንድ ማሽን ሌሊቱንም ቢሠራ በቀን ሦስት፣ ብልሽቱና ጥገናው ሲታሰብ በወር 60 ገደማ ነው። 300 ፍሬ ማለት የአምስት ወር ሥራ ነው፤ ዋጋው ቢያዋጣ እንኳ ጊዜው አያዋጣም። መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ደግሞ በሰባተኛው ሰዓት የቆመ ህትመት ከነጥሬ እቃው ይጣላል፤ ማሽኑ ካቆመበት የመቀጠል አቅም ቢኖረውም የቀዘቀዘው ንብርብር ከአዲሱ ጋር በደንብ አይያያዝም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያስቀጥል መሣሪያ) አስገቡ።

ጥሬ እቃው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከፕሪንተር ፕላስቲኮች ፒኤልኤ ለማተም ቀላል ነው፤ ነገር ግን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ተሰቅሎ ውስጡ ለሚሞቅ ኮንትሮለር አይሆንም። ፒኢቲጂ እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ይሻላል፤ ኤቢኤስ እስከ 100 ይቋቋማል፤ ሆኖም ማሽኑ ካልተሸፈነ ሲታተም ማዕዘኖቹ ይነሳሉ። ብሎን በቀጥታ ከታተመ ፕላስቲክ ጋር ስታስሩት ንብርብሮቹ ይሰነጠቃሉ፤ በመበየጃ ብረት ሙቀት የሚሰምጥ የነሐስ ጥርስ ግጠሙበት።

ከፕሪንተር ያማረ መልክ ለ20 ወይም ለ60 ፍሬ ከተፈለገ የሲልኮን ሞልድ አለ። አንድ ናሙና በጥንቃቄ ታትሞ፣ ተሞርዶና ተቀብቶ በሲልኮን ይከበባል፤ ሲልኮኑ ደርቆ ከተከፈለ በኋላ ፖሊዩሬቴን (ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ይፈስበታል። አንድ ሞልድ ከ15 እስከ 25 ፍሬ ሰጥቶ ይቀደዳል፤ ስለዚህ ወጪው በየ20ው ፍሬ እንደ ደረጃ ይዘላል እንጂ እንደ ብረት ሞልድ አንዴ ተከፍሎ አያልቅም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ በፕላቲኒየም የሚረጋ ሲልኮን ድኝ ካለበት ሸክላ ወይም በደንብ ካልደረቀ የሬዚን ህትመት ጋር ሲነካካ ሳይረጋ ይቀራል፤ የሚያጣብቅ ልጥልጥ ሆኖ ናሙናውንም ይዞ ይጠፋል። ሙሉውን ከማፍሰሳችሁ በፊት በማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርጋችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩ።

ከሃምሳ እስከ ሁለት ሺህ፦ የላሜራው ግዛት

ለዚህ መሀለኛ ብዛት ላሜራ የሚገባውን ክብር አያገኝም። ሌዘር ቆራጭና ማጠፊያ ማሽን ያላቸው ወርክሾፖች በአዲስ አበባ አሉ፤ ሞልድ የለም፤ ንድፍ ሲቀየር የሚጣል ነገር የለም። ጠላቱ የመታጠፊያ ስሌት ነው።

ላሜራ ሲታጠፍ ይለጠጣል። 1 ሚሜ ውፍረት ያለው ላሜራ በ1 ሚሜ ውስጣዊ ራዲየስ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ የሁለቱ ጎኖች ውጫዊ ልክ ድምር ከተቆረጠው ርዝመት በ1.8 ሚሜ አካባቢ ይበልጣል። ይህ ካልተቀነሰ አራት እጥፋት ያለው ሳጥን ከ7 ሚሜ በላይ ይስታል፤ ክዳኑም አይገጥምም። ትክክለኛው ቁጥር በማሽኑና በብረቱ ስለሚለያይ በሠንጠረዥ አትመኑ። ከዚያው ብረት 100 ሚሜ ርዝመት ያለው ቁራጭ አስቆርጡ፤ በዚያው ማሽን፣ በዚያው የማጠፊያ ቦይ መሀሉ ላይ አሳጥፉ፤ ሁለቱን ጎኖች በካሊፐር ለክታችሁ ደምሩ። ከ100 በላይ የሆነው ከእያንዳንዱ እጥፋት የሚቀነሰው ልክ ነው። የላሜራው አቅራቢ ሲቀየር ይህን ሙከራ ድገሙት፤ 1 ሚሜ ተብሎ የተሸጠ ብረት 0.9 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ቀዳዳ ከመታጠፊያው መስመር ቢያንስ የውፍረቱን ሁለት እጥፍና የራዲየሱን ድምር ያህል ይራቅ፤ በምሳሌያችን 3 ሚሜ። ከዚያ ከቀረበ ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል። የሚታጠፈው ከንፈር 8 ሚሜ ስፋት ባለው የማጠፊያ ቦይ ላይ ከ6 ሚሜ ካነሰ ወደ ቦዩ ይገባና ይጠማዘዛል።

የዱቄት ቀለም በየጎኑ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ይጨምራል። የቀዳዳ ስፋት በዚህ ሳቢያ በ0.12 እስከ 0.16 ሚሜ ይጠባል፤ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ካልተደፈኑ እንደገና ጥርስ ይወጣላቸዋል። የመሬት ሽቦ የሚታሰርበት ነጥብ ቀለም አይነካው፤ ቀለም የኤሌክትሪክ መከላከያ ነውና ሽቦው ታስሮ ሳለ ቤቱ መሬት አልባ ይሆናል። ሌላም አለ፦ ብረት ሲግናል ይዘጋል። ኮንትሮለሩ ሲም ካርድ ወይም ዋይፋይ የሚይዝ ከሆነ አንቴናው ወደ ውጭ ይውጣ፣ አለዚያ የፊት ክዳኑ ፕላስቲክ ይሁን። ይህን ሃምሳ ቤት ከተቀባ በኋላ ማወቅ ያማል።

እቃችሁ ትልቅ ከሆነ በዚህ ብዛት ሌሎች መንገዶች አሉ። የፕላስቲክ ሽፋን ወይም ትሪ በሙቀት ለስልሶ በአየር መሳቢያ ቅርጽ ሊይዝ ይችላል፤ ቅርጹ ከኤምዲኤፍ ስለሚሠራ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ በጥልቅ ማዕዘን ላይ ይሳሳል። ባዶ ሆድ ያለው ትልቅ እቃ ደግሞ የውኃ ሮቶ በሚሠራበት መንገድ፣ የፖሊኢቲሊን ዱቄት በሚሽከረከርና በሚሞቅ ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ይሠራል። አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ልኩም ጥብቅ አይደለም። ለበርሜል መልካም፣ ለኮንትሮለር የማይሆን ነው። ሙቀት መበተን ያለበት ቤት በአሸዋ ቅርጽ አሉሚኒየም ሊቀልጥለት ይችላል፤ ግድግዳውን ከ4 ሚሜ አታሳንሱ፤ ቶርኖ ወይም ፍሬዛ ለሚነካው ገጽ ከ2 እስከ 3 ሚሜ ትርፍ ተዉ።

ኢንጀክሽን፦ ሲደርስ

የቀረው ሽያጭ ከመሻገሪያ ቁጥሩ አልፎ፣ ንድፉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በድጋሚ የመጣ ትዕዛዝ ካስተናገደና ካልተለወጠ ሞልድ ማሠራት ይገባል። ቀጣዩ ጥያቄ ምን ዓይነት ሞልድ የሚለው ነው።

አሉሚኒየም ሞልድ ቶሎ ይቆረጣል፣ ሙቀትም ቶሎ ያስወጣል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ማዕዘኖቹ ይበላሉ፤ በተለይ መስታወት የተቀላቀለበት ናይለን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ፒ-20 የተባለው ስቲል በጥሩ አያያዝ ከመቶ ሺህ በላይ ይሠራል፤ በሙቀት የጠነከረ ኤች-13 ደግሞ ሚሊዮን ይደርሳል። የስቲሉ ሞልድ 2,100,000 ብር፣ ነጠላ ወጪው 70 ብር ነው እንበል። ከአሉሚኒየሙ ጋር መሻገሪያው 1,200,000 ለ20፣ 60,000 ፍሬ ይመጣል፤ የማይደረስበት ይመስላል። ነገር ግን አሉሚኒየሙ በ20,000 ፍሬ ካለቀ ሁለተኛ ሞልድ ያስፈልጋል። በዚያች ነጥብ ላይ አሉሚኒየሙ ሁለት ሞልዶችን ጨምሮ 3,600,000 ብር ሲደርስ ስቲሉ 3,500,000 ላይ ነው። ስቲልን የሚያስመርጠው የሞልዱ ዕድሜ እንጂ የነጠላው ዋጋ አይደለም።

ሞልዱ ከመታዘዙ በፊት የሚሠራበትን ማሽን እወቁ። ሞልዱ ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባ ያለ ፋብሪካ ውስጥ የሚታሰር ከሆነ የማሽኑን መግለጫ ወረቀት አስቀድማችሁ ውሰዱና ለሞልድ ሠሪው ላኩ፦ በአራቱ ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት፣ የመሀል ቀለበቱ ስፋት፣ የአፍንጫው ራዲየስ፣ የመክፈቻው ርቀት። በዘንጎቹ መካከል 410 ሚሜ ባለው ማሽን ላይ በሁለቱም ጎኑ ከዚያ የሚሰፋ ሞልድ ከላይ ወርዶ አይገባም፤ የከፈላችሁለት ብረት መጋዘን ይቀመጣል። ማሽኑ ሞልዱን ዘግቶ የሚይዝበት የመጨበጫ ኃይልም ይሰላል። የእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ 150 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሞልድ ከተቀመጡ 300። ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ0.3 እስከ 0.5 ቶን ይታሰባል፤ ስለዚህ ከ90 እስከ 150 ቶን የሚጨብጥ ማሽን ያስፈልጋል። ኃይሉ ካነሰ ሞልዱ በግፊቱ ይከፈትና በመገጣጠሚያው ዙሪያ ቀጭን ትርፍ ፕላስቲክ ይወጣል፤ ያንን በቢላ የሚያነሳ ሰው ደመወዝ የነጠላ ወጪያችሁ ላይ ይገባል።

የንድፉ ሕጎች ጥቂት ናቸው፤ ይቅርታ ግን የላቸውም። ግድግዳው በሁሉም ቦታ አንድ ውፍረት ይኑረው። ውፍረት ሲጨምር የማቀዝቀዣ ጊዜ በካሬው ያድጋል፦ ከ2 ወደ 3 ሚሜ ሲሄድ 2.25 እጥፍ። የማጠናከሪያ ክንፎች ከግድግዳው ውፍረት 50 ወይም 60 በመቶ ይሁኑ፤ ከዚያ ከወፈሩ በውጭው ገጽ ላይ ስርጉድ ይታያል። ቁም ግድግዳዎች ቢያንስ 1 ዲግሪ ዘንበል ይበሉ። 25 ሚሜ ጥልቀት ላይ ይህ 0.44 ሚሜ ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም፤ ከሌለ ግን እቃው ሞልዱን ይዞ አልወጣም ይላል፣ ገፊ ዘንጎቹም ያቆስሉታል። ሸካራ ገጽ ከፈለጋችሁ ዝንባሌውን ጨምሩ። ሞልዱ በሚከፈትበት አቅጣጫ ሊወጣ የማይችል ጥርስ ወይም የጎን ቀዳዳ ተንቀሳቃሽ የሞልድ ክፍል ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ዋጋ ይጨምራል፣ እያንዳንዱም የሚበላሽ ነገር ነው። የአየር መውጫዎቹን ከጎን ወደ ክዳኑ ፊት በማዞር ብቻ ሁለት ተንቀሳቃሽ ክፍል ሊቀር ይችላል።

ስለ ጥሬ እቃው አንድ ነገር ጠንቅቃችሁ ያዙ። ኤቢኤስ ሲቀዘቅዝ በ0.5 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ 150 ሚሜ ላይ 0.75 ሚሜ። ፖሊፕሮፒሊን 1.5 በመቶ ገደማ፤ 2.25 ሚሜ። ለኤቢኤስ የተቆረጠ ሞልድ ውስጥ «ኤቢኤስ ጠፋ» ተብሎ ፖሊፕሮፒሊን ሲገባ ቤቱ በ1.5 ሚሜ ያጥራል፤ ቦርዱ አይገባም። ጥሬ እቃው በምንዛሪ እጥረት ሊቋረጥ በሚችልበት ገበያ ሞልዱ የሚቆረጠው ሳይቋረጥ ለሚገኘው ፕላስቲክ ነው፤ በካታሎግ ላይ ለሚያምረው አይደለም። ኤቢኤስ በ80 ዲግሪ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሳይደርቅ ከገባ በገጹ ላይ ብርማ መስመሮች ይታያሉ፤ ፋብሪካው ማድረቂያ እንዳለው በዓይናችሁ እዩ።

ከመጀመሪያው ህትመት ጀምሮ ለሚቀጥለው መንደፍ

አንዱ ዘዴ ሲያልቅ ንድፉን ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። በፕሪንተር የሚወጣውን ቤት ከመጀመሪያው ጀምሮ 1 ዲግሪ ዝንባሌ፣ አንድ ወጥ ውፍረትና የሁለት ግማሽ መክፈያ መስመር ይዞ ንደፉት። ለፕሪንተሩ ምንም አይጨምርበትም፤ ሞልድ ሠሪው ጋር ስትደርሱ ግን የወር ሥራ ይቀንሳል። በላሜራና በፕላስቲኩ መካከል ደግሞ ሁለት ነገሮች አይለወጡ፦ የግድግዳ መስቀያ ቀዳዳዎቹ ርቀትና የቦርዱ መቆሚያዎች። ያኔ የድሮ ደንበኛ ቤቱ ቢሰበር አዲሱ በዚያው ቀዳዳ ላይ ይሰቀላል፣ መጋዘን ያለው ቦርድም ለሁለቱም ይሆናል።

ከላሜራ ወደ ሞልድ ስትሸጋገሩ ላሜራውን ቀድማችሁ አታቁሙ። ሞልድ ታዞ፣ ተሞክሮ፣ ተስተካክሎና ተጓጉዞ እስኪገባ ወራት ይፈጃል። የዚያን ጊዜ ሽያጭ የሚሸፍን የላሜራ ቤት ሳይኖራችሁ ከሞልድ ሠሪው ጋር አትፈራረሙ።

ፕሮፎርማ ሲጠየቅ

ከሦስት አቅራቢዎች ጠይቁ፤ ለእያንዳንዱም ለሦስቱ ብዛቶች፣ ለ300፣ ለ1,200 እና ለ4,000 ለየብቻ ዋጋ እንዲሰጡ አድርጉ። አንድ ዋጋ ብቻ የሚሰጥ አቅራቢ የአንድ ጊዜ ወጪውን ነጠላው ውስጥ ደብቆታል፤ መሻገሪያ ቁጥራችሁን ማስላት አትችሉም። ዝቅተኛውን የትዕዛዝ መጠንም ጠይቁ። ፋብሪካ ሞልድ ለማሰር፣ ለማሞቅና ቀለም ለመቀየር ሰዓታት ያጠፋል፤ ስለዚህ 100 ፍሬ አላሠራም ቢል አትደነቁ። በ40 ሰከንድ ዙር በሰዓት 90 ይወጣል፤ የዓመቱ 1,200 ከ14 ሰዓት በታች ያልቃል። ይህ ማለት የሦስት ወር ወይም የዓመት እቃ በአንድ ጊዜ ወጥቶ መጋዘን ይገባል፤ የታሰረው ገንዘብና የመጋዘኑ ኪራይ ስሌቱ ውስጥ ይግባ።

በሞልድ ውሉ ላይ ሞልዱ የእናንተ ንብረት መሆኑ፣ የስቲሉ ዓይነት፣ ዋስትና የሚሰጥበት የፍሬ ብዛት፣ የሞልዱ ንድፍ ፋይል መረከቢያና ትርፍ ገፊ ዘንጎች በጽሑፍ ይስፈሩ። የመጨረሻው ክፍያ ናሙናው ተለክቶ ከጸደቀ በኋላ ይሁን። ናሙናውን ስትለኩ የመጀመሪያዎቹን ጥላችሁ ማሽኑ ሙቀቱ ከረጋ በኋላ በተከታታይ የወጡ አሥር ፍሬዎችን ያዙ፤ ቦርዱን፣ ብሎኑን፣ ኬብሉን ገጥሙባቸው። እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ግጥሚያ በመጀመሪያው ናሙና ላልቶ ይምጣ። ከሞልዱ ብረት ሲነሳ እቃው ላይ ፕላስቲክ ይጨመራል፤ ስለዚህ የላላውን ማጥበቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጠበቀውን ማላላት ግን ሞልዱ ላይ ብረት መበየድ ይጠይቃል።

ሞልዱ የዓመቱን ሥራ በጥቂት ሰዓት ጨርሶ የሚቀረውን ጊዜ ቆሞ ስለሚያሳልፍ፣ የሚበላሸው በሥራ ላይ ሳይሆን በመደርደሪያ ላይ ነው። ከማሽኑ ከመውረዱ በፊት የማቀዝቀዣ ቦዮቹ በአየር ተነፍተው ይድረቁ፤ ገጹ ተጠርጎ ፀረ ዝገት ይቀባ፤ ሁለቱ ግማሾች በማሰሪያ ይያዙ። መጨረሻ የወጣውን ፍሬ ከነመፍሰሻ መስመሩ ሳትቆርጡ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከሞልዱ ጋር እሰሩት፤ በላዩም ቀኑን፣ የፕላስቲኩን ዓይነትና እስካሁን የወጣውን ጠቅላላ ብዛት ጻፉ። በሚቀጥለው ዙር ማሽን የሚያስተካክለው ሰው ሞልዱ በምን ሁኔታ እንደቆመ ከዚያ ፍሬ ያነባል።